ከአሱር እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት

በቆጂ ሲነሳ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይጠራሉ። ይገባቸዋልም። ከዚያው ከአርሲ ደጋ የወጣችው ፋጡማ ሮባ ግን ስሟ የሚመጣው ከሦስቱ በኋላ ነው፤ እሱም የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ። በእኛ በሙስሊሞቹ ቤት እንኳ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ፋጡማ ሮባ ማን ናት?» ተብላ ብትጠየቅ መልስ እንዳታጣ እሰጋለሁ። በረመዳን ገጽ ላይ ስለ ሯጭ መጻፍ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሰኝ፤ ነገሩ ወደ ማድ ቤታችን ይወስደናል።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም አትላንታ ላይ የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱና ወበቁ ሳይበረታ በማለዳ ተጀመረ። ከባርሴሎና ወርቅና ብር የወሰዱት ሩሲያዊቷ ቫለንቲና ዬጎሮቫና ጃፓናዊቷ ዩኮ አሪሞሪ በውድድሩ ነበሩ። ጀርመናዊቷ ኡታ ፒፒግም ቦስተንን ለሦስት ተከታታይ ዓመታት አሸንፋ ነበር የመጣችው። ፋጡማ በዚያው ዓመት ማራካሽና ሮም ላይ አሸንፋ ነበር፤ ሆኖም የብዙዎች ዓይን በሌሎቹ ላይ ነበር። እሷ ግን ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ ብቻዋን ወጣች። ከዚያ በኋላ የደረሰባት የለም። 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ዬጎሮቫ የገባችው ድፍን ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ካሸነፈ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ተገኘች። ሌላ ኢትዮጵያዊት ይህን ወርቅ እስክትደግመው፣ ማለትም ቲኪ ገላና ለንደን ላይ እስክታሸንፍ ድረስ፣ 16 ዓመት ፈጅቷል።

ለእኔ ግን ከአትላንታ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቦስተን ነው። በ1989፣ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም በሚያዝያ ወር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ የወጣችው ፖላንዳዊት የገባችው አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በማራቶን ይህ ክፍተት ከኋላ ያለችውን ዞሮ ቢያዩ እንኳ የማይታይበት ነው።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ረመዳን የዋለው በታህሳስና በጥር ነበር። በሚያዝያ ማራቶን የሚሮጥ ሰው ደግሞ ረጅሙን ልምምድ የሚጀምረው፣ መሠረቱን የሚጥለው በእነዚሁ ወራት ነው። ቦስተን ለመወዳደር የምትዘጋጅ ሙስሊም ሴት በእነዚያ ዓመታት ፆሙንና ኪሎ ሜትሩን በአንድ ወር ውስጥ ማገናኘት ነበረባት። ይህ ለአንድ ሻምፒዮን ብቻ የሚመጣ ጣጣ አይደለም። ዛሬም በየክልሉ በፕሮጀክትና በክለብ የሚሮጡ ሴት ልጆቻችን ሁሉ በየዓመቱ የሚገጥማቸው ነው።

ወንዱ ሯጭ መውጫ አለው። ካፈጠረ በኋላ፣ ሲያሻው ከተራዊህ መልስ ጫማውን አጥልቆ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ውሃውንም ጠጥቷል። ሴቷ ልጅ በምሽት ብቻዋን ውጪ ልሩጥ ብትል የሚፈቅድ አባት የለም፤ እኔም አልፈቅድም። ሌሊት ከስሁር በፊትም እንደዚያው። ለእሷ የምትቀረው ሰዓት ከአሱር እስከ መግሪብ ያለችው ናት፤ ቀለል አድርጋ ሮጣ እንደተመለሰች ተምሯንና ውሃዋን የምታገኝበት። ያቺ ሰዓት ግን በየቤቱ ሾርባው የሚጣድበት፣ ሳምቡሳው የሚጠቀለልበት ሰዓት ናት። ወንድሟ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጠልዝ ይቆይና አዛን ሊል ሲል ይገባል። እሷ ምጣድ ፊት ናት። ከዚያ በኋላ «ረመዳን ከሩጫ አስቀራት» እንላለን። ያስቀራት ረመዳን ነው ወይስ የሥራ ክፍፍላችን?

ስለ ልብስ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ትዳር የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ቀላል ነው አልልም። የመንገደኛ ፆም በሌላ ቀን እንደሚከፈል ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ የውድድር ቀን ጥያቄም ለዓሊም የሚቀርብ እንጂ ጎረቤት የሚፈርድበት አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እሽቅድምድም መሮጧን፣ በመጀመሪያው እሷ መቅደሟን በኋለኛው እሳቸው መቅደማቸውን በየመድረሳው ሰምተናል። እሳቸው በቤታቸው ሥራ ያግዙ እንደነበርም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ሐዲስ ሴት ልጆች ይወዱታል፤ ሁለተኛውን ለወንዶች ልጆቻችን ስንነግር ብዙም አልሰማሁም።

አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ሆላንድ የገባችው ሲፋን ሀሰን በ2015 ዓ.ም የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ስትሮጥ ዝግጅቷ ረመዳን ላይ ወድቆ ነበር፤ ውድድሩም ዒድ በተከበረበት ሳምንት መጨረሻ ዋለ። መንገድ ላይ ዳሌዋን አሟት ቆማ ተንጠራራች፣ ከመሪዎቹ ራቀች፣ እንደገና ደረሰችባቸውና በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አሸነፈች። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ የኦሊምፒኩን ማራቶን ወርቅ ስትቀበል ደግሞ ሒጃብ ለብሳ ነበር። የእሷን ቪዲዮ ልጆቻችን በስልካቸው ይቀባበሉታል፤ ደስ ይለኛል። የፋጡማ ግን ከስልክ በፊት ስለሆነ በአፍ ካልተነገረ የሚያደርሰው የለም።

የፋጡማ የመጨረሻ ዓመታት እንደ መጀመሪያዎቹ አልነበሩም። በ1992 ዓ.ም አራተኛውን ቦስተን ፍለጋ ሄዳ ኬንያዊቷ ካትሪን ንዴሬባ ቀደመቻት፤ ሁለተኛ ከወጣችው ጋር በእኩል ሰዓት ገብታ ሦስተኛ ሆነች። በሲድኒ ኦሊምፒክ ዘጠነኛ ወጣች። እንዲህ ያለውንም ለልጆች መንገር አለብን፤ ዘጠነኛ የወጣችውም ያችው ፋጡማ ናት።

ለዚህ ረመዳን የምጠይቀው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ልጅቷ ከአሱር በኋላ ጫማዋን ስታስር «ማን ሊጠቀልለው ነው?» ከማለት በፊት ወንድሟን ከሜዳ ጥሩት። ሳምቡሳ መጠቅለል በሁለት ቀን ይለመዳል፤ የመጀመሪያው ቀን ዘይት ውስጥ ቢፈታበትም ይበላል።