ክብር ወረፋ አይጠብቅም

የማስሎውን ፒራሚድ የማያውቅ ማን አለ? ካምፓስ የሳይኮሎጂ ኮርስ ላይ፣ ወይ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ አይታችኋታል። ከታች ምግብ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፏ ላይ ደግሞ የራስን አቅም አውጥቶ መኖር። የታችኛው ሳይሞላ የላይኛው አይታሰብም ይባላል።

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። ይቺን ሕግ በአምስት መስመር ልጽፋት እችላለሁ፤ የምጠረጥራትም ለዚሁ ነው። ሰው በአምስት መስመር አያልቅም።

አብርሃም ማስሎው ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም፤ ቅርጿ በኋላ በማኔጅመንት ሰዎች እጅ የመጣ ነው። እንዲያውም ሰውዬው ቅደም ተከተሉ ድርቅ ያለ እንዳልሆነ፣ ክብርን ከፍቅር የሚያስቀድም ሰው እንዳለ፣ አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሟላም ሌላው እንደሚነሣ እዚያው ጽፏል። ስላይዱ ላይ የቀረው ግን ደረጃው ብቻ ነው።

«ታዲያ አንድ ሥዕል ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። በደንብ ይጎዳል! እርዳታ ለመቀበል የተሰለፈን ሰው ማመናጨቅ የሚቀለው «ለሱ አሁን የሚያስፈልገው ስንዴ ነው» ስንል ነው። ሠራተኛ «ስለ ሥራችን ለምን አልተጠየቅንም?» ሲል፣ «ደመወዝህ ገባ አይደል?» ይባላል። ሥዕሏ ለድሃው ክብር ቀጠሮ መስጫ ሆናለች።

እስቲ እድርን ተመልከቱ። ዘይት መግዣ የቸገራት እናት የእድር መዋጮዋን አታስቀርም። «እሱማ ዋስትና ነው፤ ደኅንነት ውስጥ ይገባል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ግን ዋስትና ብቻ ቢሆን ብሩን ተቀብሎ መለያየት ይበቃ ነበር። ድንኳን ውስጥ አብሮ መቀመጡ፣ «ቀባሪ አጣች» አለመባሉስ የትኛው ፎቅ ላይ ነው? አገራችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ስትል ረሃብን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።

ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አስፈታ። ለፈቱት ገንዘብ የተከፈላቸው፣ ክፍያው ሲቀር ለእንቆቅልሹ የነበራቸው ጉጉት ቀነሰ። እሱና ሪቻርድ ራያን በኋላ ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶችን ለዩ፦ በራስ መወሰን፣ መቻል፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ከሦስቱ አንዱም የሌላውን መሙላት ቆሞ አይጠብቅም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ጭማሪ አያስፈልጋችሁም» የሚል አለቃ አይጠፋም። ዴሲ እንዲህ አላለም፤ የቤት ኪራይም በጉጉት አይከፈልም። ደመወዙም ክብሩም አንድ ላይ ይገባናል። «መጀመሪያ ይሄን፣ ያንን በኋላ» የሚል ሲመጣ፣ «በኋላ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ቀኑን ጠይቁት።