የተፈቀደው ወንበር ወዴት አለ?

በጽሕፈት ቤት የሚውሉ ብዙ ሰዎች የተፈቀደ ነገር ሁሉ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ማኅተሙ ከወረቀቱ ላይ ካረፈ ሥራው ተፈጸመ ይላሉ። መራመድ የማይችል ሰው ግን በማኅተም አይሄድም። የተፈቀደለት ዊልቸር ወይም ክራንች ወይም ሰው ሠራሽ እግር ከደጁ እስኪደርስ ድረስ ፈቃዱ ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ለመረዳት ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ሄዶ ሺሺንዳን ማየት ይበቃል። በከፋ ዝናሙ ብዙ ወር ይዘንባል፤ ምድሩም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ደኅና እግር ያለውን እንኳ ጭቃው ያዳልጠዋል። በእንዲህ ያለ አገር መሣሪያው የዘገየበት ሰው በወንድሙ ጀርባ ካልታዘለ ገበያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይደርስም። እንግዲህ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ወረቀቱን በመሳቢያ ያስቀመጠው ጸሐፊ ነውን? አይደለም፤ የታዘለውና ያዘለው ናቸው።

ይልቁንም ለሕፃን ሲሆን ጥፋቱ ይብሳል። ወንበር የሚሰጠው በሰውነት ልክ ነው። በ7 ዓመቱ የተለካለት ልጅ በ9 ዓመቱ ቢሰጠው፣ የመጣው ዕቃ የሌላ ልጅ ዕቃ ሆኗል። በማይመጥን ወንበር መቀመጥም ገላን ያቆስላል፤ ጀርባን ያጎብጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዕቃ ዘገየ አይባልም፤ ጨርሶ አልተሰጠም ይባላል እንጂ።

ምንዛሪ የለም፣ በጀት አልቋል፣ መኪና አልተገኘም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ድህነታችንን አንክድም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው የድጋፍ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው፣ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋውም እንደማያገኝ ገልጠዋል። ነገር ግን ድህነት ላለመፍቀድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ከፈቀዱ በኋላ ዝም ለማለት ግን ምክንያት አይሆንም። ዕቃው ከምን እንደ ደረሰ ለባለ ጉዳዩ መንገር ምንዛሪ አይጠይቅም። የርቀትም ምክንያት ቀንሷል፤ ቀድሞ የክልሉ መቀመጫ ሐዋሳ ነበረ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቦንጋ ራሷ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱም 20ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኛው ራሱ በመረጠው ጊዜ ይንቀሳቀስ ዘንድ እንዲረዳ ያዛል እንጂ፣ ጽሕፈት ቤቱ በተመቸው ጊዜ አይልም።

የምንጠይቀው አጭር ነው። በፈቃድ ወረቀት ሁሉ ላይ የመስጫው ቀንና የኃላፊው ስም ይጻፍ። ቀኑ ካለፈ ኃላፊው ምክንያቱን ለባለ ጉዳዩ በጽሑፍ ያስረዳ። የተፈቀደውና የተሰጠው ቁጥርም በየወሩ በሰሌዳ ይለጠፍ።

መፃጉዕ 38 ዓመት በአልጋው የቆየው የመጠመቂያው ውኃ ጠፍቶ አልነበረም፤ ከውኃው የሚያደርሰው ሰው አጥቶ ነው እንጂ። የእኛም አካል ጉዳተኞች የሚጠብቁት ተአምር አይደለም፤ የተፈቀደላቸውን ዕቃ የሚያደርስላቸው ሰው ነው።