የሴሮቶኒን ተቀባይና የተዘነጋው ጉበት

ሴሮቶኒን ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው አንጎል ነው። ይሁን እንጂ 90 ከመቶ ያህሉ የሰውነት ሴሮቶኒን የሚመረተው በአንጀት ነው፤ መልእክቱም በየሕዋሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የመልእክቱን ፍቺ የሚወስነው በሕዋሱ ላይ የሚገኘው ተቀባይ ፕሮቲን ነው። ከ5-ኤችቲ3 በስተቀር የሴሮቶኒን ተቀባዮች በሙሉ የሚሠሩት በጂ-ፕሮቲኖች አማካይነት ነው።

ከእነዚህ አንዱ 5-ኤችቲ2ቢ ነው። ሴሮቶኒን ሲጣበቅበት ቅርጹ ይለወጥና ጂ-ኪው የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ ይህም ፎስፎላይፔዝ-ሲ የተባለውን ኢንዛይም ያንቀሳቅሳል። በዚህም ካልሲየም ከሕዋሱ ማከማቻ ይለቀቃል፤ የሕዋስ መባዛትን የሚያዙ ኢንዛይሞችም ይቀሰቀሳሉ። ተቀባዩ በልብ ቫልቭ ሕዋሳት ላይም ስለሚገኝ፣ ለረዥም ጊዜ ሲቀሰቀስ ቫልቩ ይወፍራል፤ በሚገባ መዘጋትም ይሳነዋል።

ለክብደት መቀነሻ ይታዘዝ የነበረው ፌንፍሉራሚን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ከገበያ የወጣው በዚሁ የቫልቭ ጉዳት ምክንያት ነበር። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ መድኃኒቱ ራሱ በ5-ኤችቲ2ቢ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው፤ ተቀባዩን አጥብቆ የሚቀሰቅሰው ሰውነት ከመድኃኒቱ የሚሠራው ኖርፌንፍሉራሚን ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚያድግ የሰው ሕዋስ ጉበት የለውም። ስለዚህ ዋናውን ውህድ ብቻ ፈትሾ «ተቀባዩን አይቀሰቅስም» ብሎ መደምደም፣ ወደ ልብ የሚደርሰውን ውህድ ሳያዩ መፍረድ ነው። በተለይ ብዙ ውህዶችን የያዙ የመድኃኒት ዕፅዋት ቅምሞችን የሚመረምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

ወጪውና ድካሙ ይከብዳል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ውህዱን አስቀድሞ ከጉበት ኢንዛይሞች ጋር አቆይቶ ውጤቱን በሕዋሱ ላይ መፈተሽ የታወቀ ዘዴ ነው። ይህም ካልተቻለ ድምዳሜውን በተፈተሸው ውህድ ብቻ መወሰን ምንም ወጪ አይጠይቅም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ተስፋ ያለውን መድኃኒት የሚያስጥል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ፌንፍሉራሚን ድራቬ ለተባለው ከባድ የሚጥል በሽታ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በወቅቱም ታካሚዎቹ የልብ አልትራሳውንድ ክትትል እንዲደረግላቸው ግዴታ ተጥሎ ነበር። ተቀባዩ በሚገባ በመታወቁ ሐኪሙ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የቫልቩንም ሁኔታ በጊዜው ይከታተላል።