ከሕዝብ የተቀበሉት ወንበር

የካቲት 5 ቀን 2007 ማሌዥያ ውስጥ ኬላንታን በምትባል ክፍለ ግዛት አንድ አዛውንት ዓሊም ወደ አኼራ ሄዱ። ሼኽ ኒክ አብዱል አዚዝ ኒክ ማት ይባላሉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የአገራቸው ሰው «ቶክ ጉሩ» ይላቸው ነበር፤ እኛ «ሸኻችን» እንደምንለው። ሕንድ ዴዮባንድና ግብጽ አል-አዝሃር የተማሩ፣ ከዚያም መንደራቸው ተመልሰው ኪታብ ሲያቀሩ የኖሩ ኡስታዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 «ፓስ» የተባለውን እስላማዊ ፓርቲ ወክለው በማሟያ ምርጫ ፓርላማ ገቡ። ከ1990 እስከ 2013 ደግሞ ለ23 ዓመት የኬላንታን ዋና ሚኒስትር ሆኑ።

በየስልጠናው «ሃይማኖተኛ ሰው የሕዝብ ጉዳይ ካነሳ መጨረሻው ሽብር ነው» ይሉን ለነበሩ ካድሬዎች የእኚህ ሰው ታሪክ አይመችም። ሥልጣን ላይ እያሉ የኖሩት ፑላው መላካ ባለው የራሳቸው የእንጨት ቤት፣ ከመስጊዱና ከመድረሳው ጎን ነው። ለዋና ሚኒስትር የተዘጋጀውን መኖሪያ አልፈለጉትም። ዓርብ ጠዋት ኮታ ባሩ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሕዝብ ደርስ ይሰጡ ነበር። ቱምፓት ያሉት ግዙፍ የቡድሃ ሐውልት ያቆሙ ቤተ መቅደሶችም በእሳቸው ዘመን ሁሉ በራቸው ክፍት ነበር።

ወንበሩ ግን በቀላሉ አልተገኘም። በ1977 ኬላንታን ውስጥ የፖለቲካ ቀውስ ሲነሳ ፌዴራል መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በማግሥቱ ዓመት በተደረገው ምርጫ ፓስ ከ36 መቀመጫ 2 ብቻ ይዞ ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቁ። ጫካ አልገቡም፤ ሲያቀሩ ቆይተው በ1990 በድምፅ ተመለሱ። በ2004 ከ45 መቀመጫ 24 ብቻ አገኙ። በ2005 መጨረሻ ፔንግካላን ፓሲር ላይ በተደረገ የማሟያ ምርጫ በ134 ድምፅ ተሸነፉና 23 ለ22 ሆኑ። የአንድ ሰው ብልጫ ማለት ነው! ምርጫው ወደ ሌላ ቦታ ይዙር አላሉም። በቀጣዩ ምርጫ፣ በ2008፣ ያው ሕዝብ ብልጫቸውን አሰፋላቸው።

አሁን ስለ ነዳጁ ላንሳ፤ ለእኛ ብዙ የሚነግረን እሱ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ከነዳጅ ገቢ 5 በመቶ ለክፍለ ግዛቶች የሚከፈልበት ስምምነት አለ። ኬላንታን ድርሻዬን ስትል ፌዴራሉ «የአንቺ አይደለም» አላት። በ2009 ደግሞ «ዋንግ ኢሕሳን» የሚባል ገንዘብ እሰጣለሁ አለ፤ የኢሕሳን ገንዘብ መሆኑ ነው። ኢሕሳንን ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐዲሰ ጂብሪል ላይ ከኢስላምና ከኢማን ቀጥሎ የተማርነው ከፍተኛው ደረጃ ነው። እዚህ ግን የሰውን ሐቅ ይዞ፣ ከሐቁ ላይ ቆንጥሮ ሲሰጡ የሚለጠፍ ስም ሆነ። የቶክ ጉሩ መንግሥት በ2010 የነዳጅ ኩባንያውን ፔትሮናስን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ችሮታ የሚቀበል ሰው አመስግኖ ይቀመጣል እንጂ አይከስም፤ የከሰሱት ሐቅ ነው ብለው ነው።

የእኛም ጉዳይ ይኸው ነበር። የሃይማኖት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ተጽፏል። መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ እንደማይገባ አንቀጽ 11 ይላል። እኛ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይመራ፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይሁን፣ የአሕባሽ ስልጠና በግድ አይጫንብን ስንል፣ በቴሌቪዥን ይነገረን የነበረው «ይህን ሁሉ መስጊድ የሠራችሁት በማን ዘመን ነው?» የሚል ነው። ይህ የእኛው ዋንግ ኢሕሳን መሆኑ ነበር።

«ታዲያ እናንተም የምትፈልጉት እስላማዊ ፓርቲ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። የማሌዥያ ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽኑ ሃይማኖት እስልምና ነው ይላል፤ የእኛ እንዲያ አይልም፤ እንዲልም አልጠየቅንም። እዚያም ቢሆን የኬላንታን ምክር ቤት በ1993 ያጸደቀው የሸሪዓ ወንጀል ሕግ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስላላስኬደው ወረቀት ላይ ቀርቷል፤ ሼኹ ለዚያ ብለው ጠመንጃ አላነሱም። ከድክመት የጸዱም አልነበሩም፤ ግዛታቸው እስከ መጨረሻው ከድሃዎቹ አንዷ ነበረች፤ የቧንቧ ውሃ ነገር ሕዝቡን ያማረረ ነበር። ያም ሆኖ የተማረረው ሰው የሚሄድበት የድምፅ ሣጥን ነበረው።

በ2001 ልጃቸው ያለ ፍርድ በሚያስር የጸጥታ ሕግ ተይዞ ዓመታት ታሰረ። አባትየው ዋና ሚኒስትር ሆነው ሳለ! እንዲያም ሆኖ የምርጫውን መንገድ አልተዉም። የእኛ ኮሚቴዎችም ከሐምሌ 2004 ጀምሮ በጸረ ሽብር አዋጁ ታስረው ነበር። ጥፋታቸው የሕዝብ ፊርማ ይዘው መንግሥት ቢሮ መመላለሳቸው ነበር።

መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ ተመርጠናል ያሉት የመጅሊስ ሰዎች በስማችን ይናገሩ ነበር። ኮሚቴዎቹ እስር ቤት ሳሉ የተካሄደ ምርጫ ነው። በየመስጊዱ፣ ሰጋጁ ፊት ቢደረግ ኖሮ በስንት ድምፅ ይሸነፉ የነበረ ይመስላችኋል? በ134 ቢሆንማ ወደ ቀበሌ ባልሮጡ ነበር።