ስንቅ ያቀበለ ይጠይቅ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! «ሕዝቡ ስንቁን ይስጥ፤ ጦሩ ለምን እንደሚዘምት መጠየቅ ግን የእርሱ ፋንታ አይደለም» የሚል ንግግር በማስተምርበት ዘመንም፥ ዛሬ በጡረታ ዘመኔም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ ንግግር የአገር ፍቅር መስሎ አገርን የሚያፈርስ ነው። ለዚህም ምስክሮቼን ልጥራ።

ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳለ፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጠላት ምን እንደሚሻ ለሕዝቡ ገልጠው ነገሩ። ምክንያቱን የሰማው የሸዋ ባላገር እህሉን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ዘመተ፤ ሴቶቹም እየፈጩና እየጋገሩ እስከ ዐድዋ ድረስ ጦሩን መገቡ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ዘመንም እነራስ አበበ አረጋይን በዱር ያኖራቸው የባላገሩ ጎተራ ነው። የውስጥ አርበኞች የተባሉትም በጠላት መካከል ተቀምጠው ወሬ፥ ጥይትና መድኃኒት ያቀብሉ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ በዘረት ዋሻ፥ ከአርበኞቹ ጋራ የተጠለሉ ሴቶች፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በኢጣልያ የመርዝ ጋዝና ጥይት አለቁ። እነዚህ ሰዎች የሚሞቱለትን ነገር ያውቁ ነበር፤ ቤታቸው ነውና።

እንግዲህ የሌላውን አገር እንመልከት። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው ስለ እርሷ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ብዙ የዚያ ዘመን ምሁራንም ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩአት ነበር። በዚያው ዓመት በኦሳካ ከተማ የአገር መከላከያ የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ሴቶቹ ነጭ ሽርጥ አገልድመው ለዘማቹ ሻይ ይቀዱ ነበር፤ አንድ ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ስፌት የጨመሩበትን መቀነትም ያስታጥቁት ነበር። ልግስናቸው እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን ጦሩ የተላከው የቻይናን አገር ለመንጠቅ ነበር። ሳይቶ ታካኦ የተባለ እንደራሴ በ1932 ዓ.ም. የዚህን ጦርነት ዓላማ በምክር ቤት ቢጠይቅ፥ ባልደረቦቹ ከመካከላቸው አስወጡት። በ1937 ዓ.ም. የጃፓን ከተሞች ነደው አገሪቱ እጇን ሰጠች። መቀነት ከሰፉት እናቶች ስንቶቹ ልጅም ቤትም አጡ!

እኛስ? በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ እኔ በደብረ ብርሃን ተማሪ ነበርኩ። እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ሲያዘጋጁ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት የሶማልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቷልና ማንም ለምን አላለም። ከዚያ በኋላ ግን በሰሜን ወንድም ከወንድሙ የሚዋጋበት ጦርነት ሲረዝም፥ መጠየቅ እንደ ወንጀል ተቈጠረ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ቀጥሎም አፈሳ መጣ። ስንቅ ያዘጋጁ የነበሩት እጆች ልጅ መደበቅ ጀመሩ። ያ ታላቅ ጦርም በ1983 ዓ.ም. ተበተነ። ሕዝቡ ፈሪ ሆኖ ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ያልነገሩት ሕዝብ ልቡን ስለማይሰጥ ነው።

«ጠላት ደጅ ቆሞ ሳለ ጥያቄ ያዘናጋል» የሚለኝ ይኖራል። እኔ የጦሩን ምሥጢር ጠይቁ አላልኩም። ጠላት የተባለው ማን ነው? በሽምግልና የሚያልቅበት መንገድ ተሞክሯልን? የሞተው ስንት ነው? የሙት ልጆቹንስ ማን ያሳድጋል? ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ወታደሩን አያዋርደውም፤ በከንቱ ከመሞት ያድነዋል እንጂ።

ያገራችን ሰው «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ልጆቼ ሆይ፥ ሹመትስ ቢቀር ይቅር፤ ባለመጠየቅ ልጅ በበረሃ ይቀራል።