አዲሱ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከጣና ታንኳ ምን ይማር?

የምኖረው ዛንዳም ነው፤ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1697 የመርከብ ሥራ ለመማር የመጣበት ከተማ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ለሰሜን ባሕር ብሎ የገዛውን አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ዛን ወንዝ ላይ ሞከርነው።

ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። እንደ ብስክሌት በፔዳል ስለሚሄድ እጅ ለማጥመጃው ነፃ ይሆናል። ሰፊ ስለሆነ ብዙም አይናወጥም። ወለሉ ላይ የገባ ውሃም በተበሱት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወጣል።

ቅሬታዬ ውስጡ ላይ ነው። ከፊት እስከ ኋላ አንድ ባዶ ሆድ ነው፤ ክፍፍል የለውም። የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ካፈሰሰ ውሃው ከእግራችሁ ሥር ተደብቆ ይጠራቀማል። ካያኩ ከብዶ መዋለል ሲጀምር ግን ከዳርቻ ርቃችኋል።

የጣናን ታንኳ አስቡ። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ግን ቀስ በቀስ፣ ቀዛፊው እያወቀው። ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ባዶ ሆድ ስለሌለውም በአንድ ቀዳዳ ምክንያት አይሰጥምም።

እኛ ፕሮግራመሮች ይህን እናውቀዋለን፦ ስሕተቱን አሳውቆ ከሚቆም ኮድ ይልቅ ስሕተቱን ውጦ ዝም የሚል ኮድ ያስፈራል። ስለዚህ አምራቾች ሆዱን በግድግዳ ይከፋፍሉት፤ ውሃ ሲገባ የሚጮህ ሴንሰርም ይጨምሩበት። ጓደኛዬ ደግሞ እስከዚያው አየር የተሞሉ ከረጢቶች ውስጡ ይክተት፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ይልበስ፣ ከወንዙም አይውጣ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?