ያየነውን እንጻፍ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አሳቤን ለመግለጽ ዕድል ስላገኘሁ አንድ ጉዳይ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ይኸውም በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምናየውና በደብተራችን ላይ ስለምንጽፈው ነገር ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሙከራው ሳይጀመር ውጤቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይቆየናል፤ ተማሪውም ዓይኑን ከብርጭቆው ላይ አንሥቶ ሰሌዳውን ይገለብጣል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ተማሪ አስቀድሞ ዓይኑ ያየውን፥ ከዚያም በኋላ መጽሐፉ የሚለውን ይጻፍ፤ ለሁለቱም ማርክ ይሰጠው።

ለምሳሌ ዘንድሮ በክፍላችን የታየውን የአልኮልና ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ሙከራ እንመልከት። አንድ ሊትር አልኮል 790 ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሊትር አሲድ ግን 1,840 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አስተማሪው አሲዱን በዝግታ ሲጨምረው እንደ ማር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሁለቱ በሚገናኙበትም ስፍራ እንደ ጭስ የሚርመሰመስ ነገር ይታያል። እሳት ሳይነድበት ብርጭቆው ይግላል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በሰሌዳው ቀመር ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚወስነው እሳቱ ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶች እሳቱን መጥነው እንደሚያነድዱ ሁሉ በዚህም ሙከራ ዓይን ከቴርሞሜትሩ መራቅ የለበትም። አልኮሉ በዝቶ ሙቀቱ 140 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ኤተር ይወጣል፤ አሲዱ በዝቶ ሙቀቱ 170 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ይወጣል።

በዚያን ቀን ጋዙ በብሮሚን ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የውሃው ብጫ ቀለም ጠፋ። በብዙዎቹ ደብተር ላይ «ቀለሙን ያጠፋው ኤቲሊን ነው» ተብሎ ተጻፈ። አንድ ጓደኛችን ግን «ፈሳሹ ጠቆረ፤ ክብሪት ሲጫር እንደሚሸት ያለ የሚከረክር ሽታም ሸተተኝ» ብሎ ጨመረ። ይህ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘበት። ሆኖም ልጁ የጻፈው እውነት ነበር። ሙቀቱ ሲበዛ አሲዱ አልኮሉን ያከስለዋል፤ ከአሲዱም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ደግሞ እንደ ኤቲሊን ሁሉ የብሮሚንን ቀለም ያጠፋል። ስለዚህ ጋዙ አስቀድሞ ኮስቲክ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ውስጥ አልፎ ካልጠራ፥ ቀለሙን ያጠፋው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር የሙከራው ዋና ጥያቄ ነበረ ማለት ነው።

የዚሁ ሙከራ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። የቀድሞ ሊቃውንት ኤተር የሚወጣው አሲዱ ከአልኮሉ ውስጥ ውሃውን ነጥቆ ስለሚይዝ ነው ይሉ ነበር። ጀርመናዊው አይልሃርድ ሚትሸርሊክ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ውሃው ከኤተሩ ጋር አብሮ ተንኖ እንደሚወጣ አመለከተ። አሲዱ ውሃውን ይዞ የሚያስቀር ከሆነ ውሃው እንዴት አብሮ ወጣ? ይህን በ1850 በለንደን ያስተምር የነበረው አሌክሳንደር ዊልያምሰን አብራራው። አሲዱ መጀመሪያ ከአልኮሉ ጋር ይዋሐዳል፤ ሌላ አልኮል ሲያገኝም ኤተሩን ለቅቆ እንደገና አሲድ ሆኖ ይመለሳል። ዊልያምሰን አንድ ዓይኑ የማያይ፥ ግራ ክንዱም የማይታዘዝለት ሰው ነበር። ሁለት ዓይን ያለን እኛ ግን ሰሌዳ እንገለብጣለን።

«ሙከራው አደገኛ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ኤተር በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ትነቱም ከአየር የከበደ ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ ተስቦ ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። አሲዱም ቆዳን ያቃጥላል፥ ዓይንን ያጠፋል። ስለዚህ ይህን ማንም በቤቱ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። እኔም የምለምነው አሲዱን እኛ እንድንቀዳ አይደለም። አስተማሪው መጠኑን አሳንሶ፥ መስኮት ከፍቶ፥ መነጽር አድርጎና አስደርጎ ያሳየን፤ እኛም በየተራ ቀረብ ብለን እንይ ማለቴ ነው። «ፈተናው የሚጠይቀው ቀመሩን ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ቀመሩ በመጽሐፉ ውስጥ ነው፤ አይጠፋም። በዚያች ደቂቃ የታየው ግን ካልተጻፈ ተመልሶ አይገኝም።

እንግዲህ ውድ መምህራን ሆይ፥ የተጠበቀው ባይወጣም እንኳ የታየውን በሐቅ ለጻፈ ተማሪ ማርክ አትንፈጉት። ጓደኞቼ ሆይ፥ አርባ ደብተር አንድ ዓይነት ሲሆን አርባ ሰው አየ አይባልም። ወላጆቻችንም ማታ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁት በትሕትና እለምናለሁ።